ከቦሌ እስከ አባ ሳሙኤል፤ የወንዙ ትንፋሽ ለአትክልት አምራቹ ምን ይነግረዋል?

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አብራሪዎችና የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ዘወትር የሚከታተሉት አንድ ቁጥር አለ፤ የአየር ግፊት። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላን ከቦሌ ለመነሣት በቆላ ካለ ማረፊያ ይልቅ ረጅም መንደርደሪያ የሚያስፈልገው በዚህ የተነሣ ነው። ይህ ስስ አየር ግን ከማረፊያው አጥር ውጭ ያለውንም ወንዝ ይመለከታል። ውኃው ምን ያህል ኦክስጅን መያዝ እንደሚችል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የአየሩ ግፊት ነውና።

20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል የሟሟ ኦክስጅን ይይዛል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አብዛኞቹ ዓሦች በጤና ለመኖር 5 ሚሊ ግራም ያህል ስለሚፈልጉ፣ የመዲናዋ ወንዞች ገና ቆሻሻ ሳይገባባቸው ያላቸው ትርፍ ጥቂት ነው።

ቀበና ከእንጦጦ ተነሥቶ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ቦሌና ቡልቡላ አቅጣጫ ይወርድና ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ደግሞ በሀገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድቦች አንዱ በሆነው በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። ከዚያ ጉዟቸው ወደ አዋሽ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ፣ የገበያና የእርድ ተረፈ ምርት፣ የፋብሪካ ዝቃጭ ይገባባቸዋል። በዚያው ልክ በዳርቻቸው ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮት ይለማባቸዋል፤ ምርቱም ለከተማዋ ነዋሪ ማዕድ ይቀርባል።

ወንዙ በዚህ ሁሉ ቆሻሻ ምን ያደርጋል? ኮምፖስት ያዘጋጀ አርሶ አደር መልሱን ያውቀዋል። ክምሩ በየጊዜው እየተገላበጠ አየር ሲያገኝ ደቂቅ ዘአካላት ቅጠሉንና ፍጉን ይበሉታል፤ ክምሩ ይሞቃል፣ መጥፎ ሽታም አይኖረውም። ውኃ ከበዛበትና አየር ካጣ ግን ይሸታል። ወንዝም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያሉት ደቂቅ ዘአካላት ኦክስጅን እየተጠቀሙ ቆሻሻውን ይፈጩታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣሉ። ወንዝ ይተነፍሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል በውኃው ውስጥ ያሉ አልጌዎችና ዕፅዋት ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲያዘጋጁ ኦክስጅን ያመነጫሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ሥራ ይቆማል፤ መተንፈሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። ስለዚህ የወንዙ ኦክስጅን ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል፣ ጎሕ ሊቀድ ሲል ደግሞ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሆዋርድ ኦደም እ.ኤ.አ. በ1956 ይህን የቀንና የሌሊት ውጣ ውረድ ተጠቅሞ የወራጅ ውኃን አጠቃላይ የሕይወት እንቅስቃሴ መለካት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬም በታላላቅ ወንዞች ላይ የሚሠራበት ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው። የኦክስጅን መለኪያ ውኃው ውስጥ ይተከልና በየጥቂት ደቂቃው ሌት ተቀን ይመዘግባል፤ የውኃው ሙቀት፣ ጥልቀትና ፍጥነት እንዲሁም የአየሩ ግፊት አብረው ይያዛሉ። ውኃው ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅን ተሰልቶ ሲለይ፣ የሌሊቱ ቅናሽ ወንዙ ምን ያህል እንደተነፈሰ፣ የቀኑ ጭማሪ ደግሞ ምን ያህል እንዳመረተ ይነግራል።

የብዙ ምርመራዎች ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያ በሥራ ሰዓት፣ ቀትር ላይ ወርዶ አንድ ጠርሙስ ውኃ ቢቀዳ፣ አልጌ የበዛበት ወንዝ ጤነኛ መስሎ ሊታየው ይችላል። ያው ወንዝ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ኦክስጅን አልቆበት ሊሆን ይችላል። ወንዙን የሚያውቀው ሌሊቱንም የለካ ነው።

ከዚሁ ስሌት የካርቦኑ ጉዞ ይገኛል። ለምሳሌ በአንድ ሌሊት ከእያንዳንዱ ሊትር ውኃ 4 ሚሊ ግራም ኦክስጅን በመተንፈስ ቢጠፋ፣ 1 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም ያህል ካርቦን ተቃጥሏል ማለት ነው። በሊትር ሲታይ ኢምንት ነው፤ በዓለም ደረጃ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ወንዞችና ጅረቶች በዓመት 1 ነጥብ 8 ቢሊዮን ቶን ካርቦን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ወደ አየር እንደሚለቁ ገምቷል። ኦክስጅን ጨርሶ ሲያልቅ ደግሞ ሚቴን ይፈጠራል፤ ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት የማመቅ አቅም አለው። ፍሳሽ ተሸክሞ የመጣ ውኃ በሚተኛበት እንደ አባ ሳሙኤል ባለ ግድብ ላይ እንቦጭ ሲነጠፍ አየርና ብርሃን ይከለክላል፤ ችግሩም ይባባሳል።

ታዲያ ይህ ለአትክልት አምራቹ ምን ይጠቅመዋል? የወንዙ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላለው ሰብሉን ያፋፋል፤ በበጋ ሌላ ውኃ ለሌለው አምራችም የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። የትንፋሹ ልኬት በየትኛው የወንዙ ክፍል ፍሳሽ እንደሚበዛ፣ የት ላይም ወንዙ ማገገም እንደሚጀምር ያሳየዋል። ሊዘነጋ የማይገባው ግን አንድ ነገር አለ። ደቂቅ ዘአካላት ቆሻሻን ይበሉታል እንጂ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን አያጠፉም። ውኃው ሽታው ጠፍቶ ቢጠራም ብረቱ በደለሉና በማሳው አፈር ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የኦክስጅን ልኬት የብረትና የበሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ምርመራ አይተካም።

እስከዚያው አምራቹ ሊያደርገው የሚችለው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ካስቀመጣቸው የጥንቃቄ እርምጃዎች መካከል ውኃውን በኩሬ አቆይቶ ማስዘቀጥ፣ በቅጠሉ ላይ ከመርጨት ይልቅ በሥሩ ማጠጣት፣ ከምርት መሰብሰቢያ ጥቂት ቀናት በፊት መስኖውን ማቋረጥና ምርቱን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገኙበታል። እነዚህ የበሽታ አደጋን ይቀንሳሉ። ብረት በተገኘበት ማሳ ግን ጥሬውን የሚበላ ቅጠላ ቅጠል አለማልማት ይመረጣል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዝ ዳርቻዎች ልማት ዳርቻውን እያስዋበ ነው፤ በቃሊቲ ያለው ማጣሪያም በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ተስፋፍቷል። የእነዚህ ሥራዎች ውጤት ግን በአበባውና በእግረኛ መንገዱ ብቻ ሊመዘን አይገባም። ፍሳሹ በእውነት ከወንዙ ከወጣ የንጋቱ ኦክስጅን ከዓመት ዓመት ከፍ ማለት አለበት። መለኪያውን ከቦሌ በላይ፣ ከቦሌ በታችና በአቃቂ ተክሎ ውጤቱን ለአምራቹ በየወቅቱ ማሳወቅ ከግንባታው ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ አዋሽ ለሚወርደው ለቦርከናም ይኸው ሥራ ያስፈልገዋል። ከታች ያለው አርሶ አደር ከላይ ያለው ከተማ የለቀቀውን ውኃ ነው ማሳው ላይ የሚያፈሰው፤ ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።