ራስል ፏፏቴ፦ በታዝማኒያ ደን ውስጥ የግማሽ ሰዓት መንገድ

የአውስትራሊያ ግዛት ከሆነችው ከታዝማኒያ ደሴት ዋና ከተማ ከሆባርት በስተሰሜን ምዕራብ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የማውንት ፊልድ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ከፓርኩ መግቢያ ተነሥቶ ወደ ራስል ፏፏቴ የሚወስደው የእግር መንገድ ደርሶ መልሱ ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ፣ ዳገት የማይበዛበት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ሳይቀር የተመቸ ነው። አጭር ይሁን እንጂ ሁለት ዓይነት ደን የሚገናኙበትን ድንበር ስለሚያቋርጥ፣ አንድ ደን ወደ ሌላው እንዴት እንደሚለወጥ እንዲህ በቅርበት የሚያሳይ መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

ከሁለቱ ደኖች አንዱ የዝናብ ደን ነው። የዝናብ ደን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሙቀትና ወበቅ የበዛበት የቆላ ደን ነው። የታዝማኒያው ግን የቀዝቃዛ አየር የዝናብ ደን ይባላል፤ ይህም እንደ ደጋ አገር ብርድ የማያጣው፣ ዓመቱን ሙሉም ርጥበት የማይለየው ደን ማለት ነው።

ሁለተኛው ደን የግዙፍ ዛፎች ነው። በመንገዱ አካባቢ ሰማይ ጠቀስ ሆነው የቆሙት እነዚህ ዛፎች ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም። በሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ሬግናንስ የተባለው ይህ ዛፍ የባሕር ዛፍ ወገን ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከሚያብቡ ዕፅዋት በቁመት ከሚቀድሙት አንዱ ነው፤ በደቡብ ታዝማኒያ የሚገኘው ረጅሙ 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶና ከአጣና እጦት የታደጋት ነጭ ባሕር ዛፍም የዚህችው ደሴት ተወላጅ ነው፤ አበባውም የታዝማኒያ መለያ ሆኖ ተመርጧል። ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም ጠባያቸው ይለያያል። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ገበሬው በየጥቂት ዓመቱ መልሶ መላልሶ የሚቆርጠውም ለዚህ ነው። ሬግናንስ ግን ኃይለኛ ቃጠሎ ከደረሰበት አያቆጠቁጥም፤ ይሞታል፤ ሲሞትም ከላይ ቅርንጫፎቹ ላይ ባሉት ደረቅ እንክብሎች የያዘውን ጥቃቅን ዘር አመድ በሸፈነው መሬት ላይ ያራግፋል፤ ቡቃያውም ጥላ በሌለበት፣ ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበት ስፍራ ያድጋል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ ያሉት ግዙፎች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቃጠሎ ልጆች፣ እርስ በርሳቸውም እኩዮች ናቸው።

ከመንገዱ ዳር ቆሞ ወደ ግንዱ ሥር የሚመለከት ሰው ይህንኑ በዓይኑ ማየት ይችላል። ከግንዱ እየተላጠ የወረደው ረጅም ልጥ ተከምሯል፤ በልጡ መካከል ግን የሬግናንስ ችግኝ ማግኘት ያዳግታል። በጥላው ውስጥ ማደግ የሚችሉት ሚርትል ቢች እና ሳሳፍራስ የተባሉት የዝናብ ደኑ ዛፎች ናቸው፤ ከግዙፎቹ በታች ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቃጠሎ ለ400 ዓመት ያህል ሳይመለስ ከቀረ ግዙፎቹ አርጅተው ይወድቃሉ፤ ስፍራውም ለዝናብ ደኑ ይለቀቃል። የዚህ መንገድ ትልቁ ቁም ነገር ከፏፏቴው ይልቅ ይህ አዝጋሚ ቅብብል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ፏፏቴው ጅረት ሲቀርቡ ዛፍ መሰል ፈርኖች ይበረክታሉ። ፈርን አበባም ዘርም የሌለው፣ በቅጠሉ ጀርባ በሚያፈራው ዱቄት መሰል ስፖር የሚራባ ጥንታዊ ዕፅ ነው። ዲክሶኒያ አንታርክቲካ የሚባለው የዚህ ደን ፈርን ግንድ አለው፤ በዓመት የሚጨምረው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነም ከሰው ቁመት ያለፈው ሁሉ የብዙ አሥርት ዓመታት ዕድሜ ያለው ነው። አዲሱ ቅጠል ከመሃል ብቅ የሚለው ቡናማ ፀጉር ለብሶ፣ እንደ በግ ቀንድ ተጠቅልሎ ነው።

ፏፏቴው በእርከን የሚወርድ ሲሆን፣ ምክንያቱ ያለው በድንጋዩ ውስጥ ነው። ከ250 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት፣ ፐርሚያን በሚባለው ዘመን፣ ስፍራው ከባሕር በታች ሳለ የተነባበረው ደለል ወደ ድንጋይነት ተለወጠ፤ ጠንካራው የአሸዋ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሲቀር፣ ከደቃቅ ደለል የተሠራው ለስላሳ ንብርብር አግዳሚ እርከን ሆነ። ውሃው ከእርከን ወደ እርከን ሲወርድ ጥቁሩን ድንጋይ እንደ ስስ ነጠላ ያለብሰዋል። የደሴቲቱ ክረምት እንደ ኢትዮጵያው በሰኔ የሚገባ በመሆኑ፣ ፏፏቴው የሚሞላውም በእነዚያው ወራት ነው።

ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1885 የታዝማኒያ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነ፤ በ1899 የፏፏቴው ምስል በደሴቲቱ ቴምብር ላይ ታተመ፤ በ1916 ብሔራዊ ፓርኩ ተቋቋመ፤ በ2013 ደግሞ ፓርኩ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የታዝማኒያ የዱር ክልል ውስጥ ተጠቃለለ።

ሲመሽ በመንገዱ ዳር ባለው ርጥብ አፈር ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብርሃን ይታያል። ብርሃኑ ግሎ ዎርም ከሚባሉ፣ ሲያድጉ ትንኝ መሰል ነፍሳት ከሚሆኑ እጮች የሚወጣ ነው፤ እጮቹ የሚያጣብቅ ጠብታ የተደረደረበት ቀጭን ክር ወደ ታች ዘርግተው፣ በብርሃናቸው ተስበው የሚመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት ያጠምዱበታል። የእጅ ባትሪ ሲበራባቸው ስለሚደበዝዙ፣ ሊያያቸው የሚመጣ ጎብኚ ባትሪውን አጥፍቶ በጨለማው ውስጥ ጥቂት መቆየት አለበት።