ራይንን ያጸዳው ውል ብቻ አይደለም

ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ሲበከል መጀመሪያ የሚታሰበው መፍትሔ የተፋሰሱ አገሮች ተቀምጠው መዋዋላቸው ነው። ራይን ላይ ይህ ቀድሞ ተሞክሯል። ከስዊዘርላንድ ተራሮች ተነሥቶ በኔዘርላንድ በኩል ወደ ሰሜን ባሕር ለሚገባው ለዚህ ወንዝ በ1950 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጋራ ኮሚሽን ተቋቁሞለታል። ከሃያ ዓመት በኋላም ግን ወንዙ የአውሮፓ ፍሳሽ መውረጃ ይባል ነበር። ከላይ ያለው ይለቃል፣ ከታች ያለው ይጠጣል፤ ይህን ሚዛን ያናጉት በአብዛኛው ከድርድሩ አዳራሽ ውጭ የነበሩ ኃይሎች ናቸው።

የጨዉን ጉዳይ እንመልከት። በፈረንሳይ አልዛስ የነበሩት የፖታሽ ማዕድን ማውጫዎች ወደ ወንዙ የሚለቁት ጨው የኔዘርላንድን አትክልተኞች ይጎዳ ነበር። በ1976 ፈረንሳይ የጨዉን ከፊል ከመሬት በታች እንድትቀብር ውል ተፈረመ፤ ከወጪው ትልቁን ድርሻ፣ 34 በመቶውን፣ እንድትሸፍን የተደረገችው ተጎጂዋ ኔዘርላንድ ናት! የአልዛስ ነዋሪዎች የከርሰ ምድር ውኃችን ይበከላል ብለው ስለተቃወሙ ፈረንሳይ ውሉን ሳታጸድቅ ቆየች፤ ኔዘርላንድ በ1979 አምባሳደሯን ጠራች፤ ውሉ ሥራ ላይ የዋለው በ1985 ነው። በአንጻሩ ለፍትሐ ብሔርና ለንግድ ክርክር የወጣ፣ ስለ ወንዝ ያልታሰበ ስምምነት ለአትክልተኞቹ ደረሰላቸው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ይህን ስምምነት ተርጉሞ በ1976 ተጎጂ ጉዳቱ በደረሰበት አገር መክሰስ ይችላል ብሎ ወሰነ። የሮተርዳም ወደብም የተመረዘ ደለል መጥረግ ሲያስመርረው የላይኞቹን ፋብሪካዎች በክስ እያስፈራራ ልቀታቸውን እንዲቀንሱ አስማማቸው።

ከዚያ በኅዳር 1986 በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ የሳንዶዝ ኬሚካል ኩባንያ መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ያጠፋው ውኃ ፀረ ተባይ መርዝ ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ውኃው ቀላ፣ ዓሣው በገፍ አለቀ። ከቼርኖቢል አደጋ ገና ጥቂት ወራት ተቆጥረው ስለነበር የሕዝቡ ቁጣ በቀላሉ የሚበርድ አልሆነም። ሚኒስትሮቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዙሪክ ላይ ተሰበሰቡ። በ1987ም ሳልሞን የተባለው ዓሣ እስከ 2000 ወደ ወንዙ እንዲመለስ፣ ዋና ዋና በካዮችም እስከ 1995 በግማሽ እንዲቀንሱ የሚያልም ፕሮግራም ጸደቀ።

ታዲያ ኮሚሽኑ ምን ጠቀመ ቢባል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዓመታት የለካው መረጃና የሚተዋወቁ ባለሙያዎች ባይኖሩ ያ ቁጣ ወደ ዕቅድ ባልተለወጠ ነበር። የከባድ ኢንዱስትሪ መዳከምም ብክለቱን እንደቀነሰ አይካድም፤ ግን እሱም ቢሆን ከውል ውጭ የመጣ ምክንያት ነው። ደግሞም አስገዳጁ የጨው ውል ለዓመታት ሲንከባለል፣ ሕጋዊ አስገዳጅነት ያልነበረው የ1987ቱ ፕሮግራም አብዛኞቹን ግቦቹን መታ።