ሮቦቱ ተራውን የሚጠብቅበት ፊልም

«ፓትሌበር 2» በጃፓናዊው ማሞሩ ኦሺኢ ዳይሬክተርነት እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የአኒሜ ፊልም ነው። አኒሜ በዳላስ አቅራቢያ ባለችው በሮውሌት ለሚኖር ተመልካች እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተውና የጃፓን አኒሜሽን በእንግሊዝኛ ለአሜሪካ ያቀርብ የነበረው ፈኒሜሽን ለረጅም ዓመታት መቀመጫው ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ነበር።

በፊልሙ ዓለም «ሌበር» የሚባሉት ግዙፍ ሮቦቶች በዋናነት የግንባታ ሥራ ይሠራሉ፤ ፖሊስም የራሱ አለው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከጃፓን ውጭ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር ላይ ነው። ጥቃት የደረሰበት አዛዥ የመተኮስ ፈቃድ ሲጠይቅ ተከልክሎ ወታደሮቹ ያልቃሉ። መነሻው እውነተኛ ክርክር ነው፦ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1992 ሕግ አውጥታ ሠራዊቷን ወደ ካምቦዲያ ልካ ነበር። እንደ ኢትዮጵያ ሰላም ለማስከበር ወደ ኮንጎ ወታደር የላከች አገር ልጅ ይህን ትዕይንት በቀላሉ አያልፈውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የዮኮሃማ ቤይ ድልድይ በሚሳይል ይመታል። ጥርጣሬው በመከላከያው ላይ ያርፋል፤ ፖሊስና ጦሩ ይፋጠጣሉ፤ ታንኮች ቶኪዮ ይገባሉ። የፊልሙ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ከተማይቱ በበረዶ ተሸፍና፣ ሰዉ በታንኮቹ አጠገብ እንደወትሮው ወደ ሥራው ይሄዳል። የፖሊስ አዛዡ ጎቶና የደኅንነት ሰው የሆነው አራካዋ ስለ ፍትሐዊ ጦርነትና ፍትሕ ስለጎደለው ሰላም ረጅም ውይይት ያደርጋሉ። ይህን ንግግር በጥሞና መከታተል ያስፈልጋል፤ ሴራው የሚፈታው በእሱ ነው። የሮቦቶቹ ዋና ውጊያ የሚመጣው ወደ መጨረሻው፣ በባሕር ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ነው።