የካሊፎርኒያ ፖሊስ እጩ በምን ይመዘናል?

በካሊፎርኒያ ፖሊስ ለመሆን ያመለከተ ሰው ለጽሑፍ ፈተና ሲቀመጥ የወንጀል ሕግ አይጠየቅም፤ ሕጉን ማሠልጠኛ ሲገባ ይማረዋል። እዚህ የሚታየው ማንበብ፣ መጻፍና ማገናዘብ መቻሉ ነው። ብዙ ፖሊስ መምሪያዎች የሚጠቀሙበትን ፈተና የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የክፍለ ግዛቱ የፖሊስ ደረጃና ሥልጠና ኮሚሽን ነው።

ጥያቄዎቹ የቃላት ፍቺን፣ የፊደል አጻጻፍን፣ የዓረፍተ ነገር ግልጽነትንና አንብቦ መረዳትን ይነካሉ። ለየት የሚለው ክፍል ባዶ ቦታ መሙላት ነው። በአንድ ምንባብ ውስጥ በየሰባት ቃሉ አንድ ቃል ይጎድላል፤ በቦታው የፊደላቱን ብዛት የሚያሳዩ ሰረዞች ይገባሉ። የሚመረጥ መልስ ስለማይቀርብለት ተፈታኙ ቃሉን ከሐሳቡ ፍሰት ራሱ ማግኘት አለበት። ውጤቱም አማካዩ 50 በሆነ መለኪያ ከሌሎች ተፈታኞች ጋር ተነጻጽሮ ይሰጣል፤ የማለፊያ ነጥቡን የሚወስነው ቀጣሪው መምሪያ ነው።

ለቋንቋ ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው ፖሊስ ያየውንና የሰማውን በሪፖርት ስለሚያሰፍር ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ የሚመሠርተው፣ ጠበቃም መከላከያውን የሚያዘጋጀው ያንን ሪፖርት አንብቦ ነው። ማን ማንን እንደመታ በማይለይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተበዳይ ፍትሕ ሊያጣ፣ ንጹሕ ሰው ሊከሰስ ይችላል።

ፈተናውን ያለፈ እጩ ወደ ረጅሙ ማጣሪያ ይሻገራል። የኖረባቸውን አድራሻዎች፣ የሠራባቸውን ቦታዎች፣ ዕዳውንና የትራፊክ ቅጣቱን፣ አደንዛዥ ዕፅ ሞክሮ ከሆነም ይህንኑ በቅጽ ይሞላል። ከዚያ መርማሪ ጎረቤቶቹንና የቀድሞ አለቆቹን ያነጋግራል። የቆየ የትራፊክ ቅጣት ብዙ ጊዜ ብቻውን አይጥለውም፤ መደበቁ ግን ይጥለዋል፤ ፖሊስ በፍርድ ቤት ምስክር ይሆናልና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1963 ጀምሮ በሰጣቸው ውሳኔዎች መሠረት፣ ዐቃቤ ሕግ የምስክሩን ተአማኒነት የሚያጎድል መረጃ ለተከሳሽ መስጠት አለበት። ስለዚህ በውሸት የተያዘ ፖሊስ ብዙ ጊዜ ለምስክርነት አይበቃም፤ ለምስክርነት ካልበቃም ሥራውን በሙላት መሥራት አይችልም።

የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራው የሚመጣው መምሪያው ሊቀጥረው መፈለጉን በቅድመ ሁኔታ ካሳወቀው በኋላ ነው። ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ እጩው በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት ወይም በዜግነት ሰውን የሚያበላልጥ አድልዎ ያለበት መሆን አለመሆኑ እንዲጣራም ያዛል። ዕድሜውም ቢያንስ 21 መሆን አለበት። ከ2023 ጀምሮ ዜግነት የግድ መሆኑ ቀርቶ በሕግ የመሥራት ፈቃድ በቂ ሆኗል፤ ይህ ለሎስ አንጀለስና ለኦክላንድ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በር ከፍቷል።

ለዚህ ሥራ የሚያስብ ወጣት ጉልበቱን ብቻ አያጠንክር። በየቀኑ ያንብብ፤ ያየውንም በአጭርና በግልጽ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይልመድ። ቅጹ ሲመጣ ደግሞ የሚያሳፍረውንም ሳይሸሽግ ይሙላ፤ ነገ ሌላ ሰው የሚከሰሰው ወይም ነጻ የሚወጣው እርሱ በሚሰጠው ቃል ነውና።