ማካዳሚያ ሥር ኤንፒኤስ ማዳበሪያ አትጨምሩ!

ዛሬ ሮቤ ገበያ ዳር አንድ ልጅ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ ችግኞች ደርድሮ ሲሸጥ አየሁ። «ማካዳሚያ ነው፣ በሁለት ዓመት ያፈራል፣ ኪሎው ቡናን ያስንቃል» እያለ ይጣራል። እሱስ ይበል፣ ነጋዴ ነው። ደሜን ያፈላው ከችግኙ ጋር የሚያድላት ቁራጭ ወረቀት ናት፦ «ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት እፍኝ ኤንፒኤስ ይጨምሩ።» ከየት አመጣኸው ብለው «ከሥልጠና ነው ጋሼ» አለኝ። ሦስት ሰዎች ዓይኔ እያየ ገዝተው ሄዱ። እነሱ ወረቀቷን ሳያነቡ ይህን ቢያነቡልኝ ብዬ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። ስለ ጉድጓድ ቁፋሮና ስለ ውኃ ማጠጣት አልነግራችሁም፤ አቮካዶ ተክሎ ያጸደቀ ሰው ያውቀዋል።

1. ቦታ። ማካዳሚያ የአውስትራሊያ ምሥራቅ ጠረፍ ዛፍ ነው። ሞቅ ያለ፣ ዝናብ የማያጣው፣ ውርጭ የማይጎበኘው አገር ይወዳል። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1946 ቦብ ሃሪስ የሚባል ሰፋሪ ቲካ አካባቢ ካስገባው በኋላ የተስፋፋው በኬንያ ተራራ ወገብና ግርጌ፣ ቡና በሚሆንበት መሬት ነው። ይህን ይዛችሁ ባሌን ተመልከቱ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ፣ ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ገብስ የሚያቃጥል ውርጭ ለጋ ማካዳሚያን ይምረዋል ብላችሁ ነው? ያደገ ዛፍ ለጥቂት ሰዓት ብርዱን ሊቋቋም ይችላል፣ ለጋው ግን ጠዋት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ።

ወደ ሶፍ ዑመር ስትወርዱ ብርዱ ይቀራል፣ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ወይብ ወንዝ ያንን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ የፈለፈለው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከዚያ ድንጋይ የተገኘ አፈር ኖራ ይበዛበታል። ማካዳሚያ የሚፈልገው ግን በመጠኑ አሲዳማ የሆነ፣ ፒኤቹ ከ5 እስከ 6.5 ያለ አፈር ነው። ኖራ በበዛበት አፈር ብረት መሳብ ያቅተውና አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይወጣል። የዝናቡ ማነስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በእኔ ግምት በእኛ በኩል ዕድል ያለው ሐረና ደንን አቋርጣችሁ ደሎ መና ስትደርሱ ነው፤ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ቡናው ተመችቶት የሚያድርበት አገር። እዚያ ያላችሁ ሞክሩት፣ ሮቤና ጎባ ያላችሁ ገንዘባችሁን ለአፕል አውሉት።

2. ችግኝ። ከፍሬ የበቀለ ማካዳሚያ ለማፍራት ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ይፈጅበታል፣ አንዳንዱ ከዚያም ይዘገያል። ጥሩ ተብሎ ከተመረጠ ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ የተዳቀለው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት። «ሁለት ዓመት» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ግንዱ ከአፈሩ ከፍ ብሎ የተያያዘበት ጠባሳ ከሌለው አልተዳቀለም ማለት ነው። ቅጠሉንም እዩ፦ የማካዳሚያ ቅጠሎች እንደ ዓይነቱ ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ሆነው ግንዱን በአንድ ቦታ ከብበው ይወጣሉ። አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ እየተፈራረቀ የሚወጣ ቅጠል ካያችሁ የገዛችሁት ሌላ ዛፍ ነው። ከቻላችሁ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ጎን ለጎን ትከሉ፤ ንቦች የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ሲያመላልሱ ፍሬው ይበዛል። ንብ ባሌ ውስጥ ችግር አይደለም።

3. ማዳበሪያ። አሁን ወደ ንዴቴ።

ግራቪሊያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየግቢው አጥር፣ በየቡናው ጥላ የቆመው። ማካዳሚያ የእሱ ዘመድ ነው፣ ቤተሰባቸው ፕሮቲያሴ ይባላል፣ አገራቸውም አንድ ነው። የአውስትራሊያ አሮጌ አፈር ፎስፈረስ የጠፋበት ድሃ አፈር ነው። ስለዚህ እነዚህ ዛፎች ለረሃብ የሚሆን ሥር አበጁ፦ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀጫጭን፣ አሲድ እየረጨ ከአፈር ጋር የተጣበቀችውን ፎስፈረስ አሟሙቶ የሚመጥ። እንዲህ ያለ ሥር ያለው ዛፍ ድንገት ፎስፈረስ ሲፈስበት በልክ መውሰድ ይቸግረዋል። ትርፉ ዛፉ ውስጥ ይከማችና ብረት እንዳይሠራ ያግደዋል። ለጋው ቅጠል ይገረጣል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ገበሬው ምን ያደርጋል? ቢጫ ቅጠል ያያል። «ምግብ አነሰው» ይላል። ሌላ እፍኝ ይጨምራል! ዛፉ የሚሞተው እንዲህ ነው፣ በባለቤቱ ደግነት። ከዚያ «ማካዳሚያ ለባሌ አይሆንም» ተብሎ ይወራል።

ኤንፒኤስ ከመቶው 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ዳፕ ደግሞ 18 ናይትሮጅን፣ 46 ፎስፌት ነበር። የሁለቱም ዋና ዕቃ ፎስፌት ነው። ለስንዴ ሠርቷል፣ አልክድም። በ1960 ዓ.ም. አርሲ ላይ ካዱ በተባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት የተጀመረው የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥራ ወደ እኛም ተሻግሮ ይህን የሲናና ሜዳ የስንዴ አገር እንዲሆን ረድቶታል። ችግሩ ማዳበሪያ እኛ ዘንድ «ፓኬጅ» ሆኖ መቅረቱ ነው። ለስንዴ የተጻፈው ለድንች፣ ለድንቹ የተጻፈው ለአቮካዶ፣ ለአቮካዶው የተጻፈው ለማካዳሚያ ይገለበጣል። አንድ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀውን የሥልጠና ጽሑፍ አይቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም፦ ርዕሱ ማካዳሚያ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ከዘር ጋር በመስመር» ይላል። በመስመር የሚዘራ ዛፍ!

በመስኩ ላይ ያለውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አልወቅስም። እጁ ላይ ፒኤች መለኪያ ወረቀት እንኳ የሌለው ልጅ ከላይ የወረደለትን ያነባል፣ ምን ያድርግ። የምወቅሰው ከላይ የሚያወርዱትን ነው። ስብሰባ ላይ ስንት ችግኝ እንደተሠራጨ እስከ አንዷ ድረስ ተቆጥሮ ይነገራል። «ስንቱ ጸደቀ?» ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ሪፖርቱ ላይ ዓምድ የለውም» የሚል ነው። ዓምድ ስለሌለው ዛፉም የለም!

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፦ ስትተክሉ ምንም ኬሚካል አትጨምሩ። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ፤ ደሎ መና ያላችሁ የቡና ገለባ ሞልቷችኋል። የዶሮ ኩስ ግን ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ብላችሁ እንዳትሞኙ። ችግኙ ሥር ሰድዶ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ትንሽ ዩሪያ፣ ትንሽ ማለት ትንሽ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ በትኑለት። የስንዴ ማሳ የነበረ ቦታ ላይ የምትተክሉ ከሆነ አፈሩ ለዓመታት የተቀመጠ ፎስፈረስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳታስመረምሩ አትጀምሩ። ፎስፈረስ ጨርሶ መርዝ ነው አላልኩም፤ ትልልቅ እርሻዎች አፈርና ቅጠል አስመርምረው በልክ ይሰጣሉ። እፍኝ ግን ልክ አይደለም።

4. ነፋስና ውኃ። ሥሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ ነፋስ ይገነድሰዋል፤ ከለላ ባለበት ትከሉ። ዋልካ ላይ አትትከሉት። ክረምት ውኃ የቋጠረ አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል። ሣር ሥሩ ላይ ስታለብሱ ግንዱን አታስነኩ።

በማሰሮ ይሆናል ወይ ለሚለው፣ የሮቤ ሰዎች በውስጥ መስመር እየጠየቃችሁኝ ነው፦ ይሆናል፣ ለዓይን። መሬት ላይ ከአሥር ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ ነው። ግማሽ በርሜል ውስጥ ቢገባ ቁመቱ ያጥራል፣ የተዳቀለ ከሆነ ጥቂት ፍሬ ሊያሳያችሁ ይችላል። ጥቅሙ በውርጭ ወራት ማታ በረንዳ ውስጥ ማስገባት መቻላችሁ ነው። የበርሜሉን ታች በደንብ ብሱት፣ ቀይ አፈርና አሸዋ ከኮምፖስት ጋር ቀላቅሉ፣ ከታች ጠጠር መደልደል አያስፈልግም። ከበርሜሉ ገቢ የሚጠብቅ ካለ ግን ዶሮ ያርባ።

ገቢ ካልን አይቀር፣ ኬንያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያልተፈለፈለ ፍሬ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ በሕግ አገደች፣ ፋብሪካዎቿ ሥራ እንዲያገኙ። በ2023 የገበያው ዋጋ ሲወድቅና ፍሬው ገበሬው እጅ ላይ ሲከማች እገዳውን ለጊዜው ለማንሳት ተገደደች። ፋብሪካም፣ ገዥም፣ ሕግም ያላት አገር ናት እንግዲህ። ቅርፊቱ በጥርስ የሚሰበር እንዳይመስላችሁ፣ መዶሻ ይፈልጋል። ፍሬው ራሱ እስኪወድቅ መጠበቅ አለበት፣ ሳይበስል ከዛፉ ላይ የተለቀመ ዘይቱ አልሞላም። ከዚያ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። ደሎ መና ላይ ይህን ሁሉ ማን ይሠራል? ችግኝ የሚሸጥላችሁን ሰው «ፍሬውን ትገዛኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ፊቱን እዩ።

ዘመድ ከውጭ የላከላችሁን የታሸገ ማካዳሚያ ብተክለው ይበቅላል ወይ ላላችሁኝ እህት፦ ተቆልቶ ጨው የገባበት ነው፣ አይበቅልም፣ ብሉት። ለውሻ ግን እንዳትሰጡ። ትንሽ ፍሬ እንኳ የኋላ እግሩን ያዝለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል፣ እናንተ ግን ሌሊቱን አትተኙም።