ቀይዋ ነጥብ

ሽጉጥ ይዞ ዒላማ ፊት የቆመ ሰው ዐይኑን ሦስት ነገሮች ይሻሙበታል፤ ከኋላ ያለው ባለስንጥቅ ብረት፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመችው ጉጥና ዒላማው ራሱ። የሦስቱም ርቀት ይለያያል። ዐይን ደግሞ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ተኳሹ ጉጧን ካጠራ ዒላማው ይደበዝዝበታል፤ ዒላማውን ካጠራ ጉጧ ትጠፋዋለች። ዕድሜው ከ40 ዓመት ሲያልፍ ቅርቡን ማየት ስለሚከብደው ችግሩ ይብስበታል።

ሽጉጥ ለስህተት ምሕረት የለውም። በስንጥቁና በጉጧ መካከል ያለው ርቀት በተለመደ ሽጉጥ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉጧ ከስንጥቁ መሀል በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ብትዛነፍ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል፤ ከግማሽ ስንዝር በላይ ማለት ነው።

የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ይህን ሽሚያ ያስቀረዋል። ብዙዎች ወደ ዒላማው ጨረር የሚልክ ይመስላቸዋል፤ ከሌዘር ጋር ግን አይገናኝም። አንዲት ትንሽዬ መብራት ከፊቷ ወዳለው ጎበጥ ያለ መስታወት ታበራለች። መስታወቱ በስሱ የተቀባ ስለሆነ ቀዩን ብርሃን ወደ ተኳሹ ዐይን ይመልሰዋል፤ የቀረውን ያሳልፋል። የሚመለሰው ብርሃን ጨረሮቹ ጎን ለጎን ስለሚጓዙ ነጥቧ መስታወቱ ላይ ሳይሆን ሩቅ፣ ዒላማው ዘንድ ያለች ትመስላለች። ተኳሹም ሁለቱንም ዐይኖቹን ከፍቶ ዒላማውን ብቻ ያያል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የደብሊኑ የቴሌስኮፕ ሠሪ ሃዋርድ ግራብ እ.ኤ.አ. በ1900 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች በዚሁ መርሕ ያነጣጥሩ ነበር። በትንሽ ባትሪ የሚሠራውን ዓይነት የስዊድኑ ኩባንያ ኤምፖይንት እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ተኳሹ ጄሪ ባርንሃርት ቀይ ነጥብ በተገጠመለት ሽጉጥ የአሜሪካን የተግባራዊ ተኩስ ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸነፈ። ዛሬ መሣሪያው አንሶ በሽጉጡ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ ይቀመጣል፤ ሽጉጥ አምራቹ ግሎክም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጁ ሽጉጦችን ይሠራል።

ታዲያ ነጥቧ ብቻዋን ማንንም አልሞ ተኳሽ አታደርግም። ጀማሪ ሽጉጡን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ባዶ መስታወት ነው፤ የእጁ አንጓ ትንሽ ወደ ላይ ከቀና ነጥቧ ትሰወርበታለች። እሷን ፍለጋ ሽጉጡን ማወዛወዝ አይበጅም። ዐይንን ዒላማው ላይ ተክሎ ሽጉጡን ወደ ዐይን ማምጣት ነው የሚሻለው። ይህም ባዶነቱ ደጋግሞ በተረጋገጠ ሽጉጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል የሚለመድ ነው።

ሌላው ፈተና መንቀጥቀጡ ነው። የማንም እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በብረቱ ማነጣጠሪያ ብዙም የማይታየውን ነጥቧ ታጋልጠዋለች። ጀማሪው ነጥቧ መሀል ስትደርስ ቸኩሎ ምላጩን ይስባል፤ ጥይቱም ወደ ታች ይወርዳል። ልምድ ያለው ግን ነጥቧ በትንሽ ክብ ውስጥ እንድትዋልል ይተዋትና ምላጩን ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይጫናል። ብርሃኗን መቀነስም ይረዳል፤ ከልክ በላይ የደመቀች ነጥብ ተበትና ዒላማውን ትሸፍናለች።

በኦሎምፒክ የሽጉጥ ውድድር ግን ቀይ ነጥብ መግጠም ክልክል ነው፤ እዚያ የሚፈቀደው ክፍቱ የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ነው።