ከመንገድ የመጣው ውሻችን



ባለፈው ክረምት ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ዝናብ ሲወርድበት ያገኘሁትን የመንገድ ውሻ ወደ ቤቴ አስገባሁ። ባለቤቴ ከልጆቹ ጋራ አንድ ግቢ አያድርም አለች፤ እውነቱን ለመናገር ፍርሃቷ ትክክል ነበረ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና በማግሥቱ ለእንስሳት ሐኪም አሳይቼ አስከተብኩት።

የተሳሳትኩት በሌላ ነው። ቶሎ እንዲላመድ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አስደባበስኩት። በ3ኛው ቀን ውሻው ሲበላ ትንሹ ልጄ ቢጠጋው እጁን ነክሶ አደማው። ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ አጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን፤ ልጁ ክትባት ተጀመረለት፤ ውሻውንም 10 ቀን ለብቻው አስረን እንድንጠብቅ ታዘዝን። እነዚያ ቀናት ለእኔ እንደ ዓመት ረዘሙ። ለውሻው ግን የጠቀሙት እነርሱው ናቸው። በጓሮው ጥግ ጆንያ ተነጥፎለት፣ ማንም ሳይነካው፣ እኔው ብቻ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት እየመገብኩት ሰነበተ። በ9ኛው ቀን ድምፄን ሲሰማ ጭራውን ቆላ።

ልጄም ድኗል፤ አሁን ውሻው በልቶ እስኪጨርስ ራቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ፍርፋሪውን ከበር ላይ ሆና ነው የምትወረውርለት።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ